ሳሎን ውስጥ የተሰቀለው ብስክሌት

ልብስ ሰፊዋ ለኩላሊት ሕሙማን መርጃ በሚደረገው ረጅም የብስክሌት ጉዞ ካልሄድኩ ብላ ድርቅ ብላለች። ባሏ አስፋልት ላይ እንዳትወጣ ስለከለከላት፣ ብስክሌቱን ሳሎን ውስጥ ብረት ላይ ሰቅላ፣ ጎማው አየር ላይ እየዞረ ትለማመዳለች።

«አደራ፣ ሶፋውን እንዳትገጪው» ብሏት እየሳቀ ወደ ሥራ ወጣ።

እልህ ያዛትና ፔዳሉን ትደቁሰው ጀመር። ድንገት፣ የሆነ ነገር ላይ ወጥታ የወረደች ይመስል ብስክሌቱ አነጠራት። ዞር ስትል ከኋላ ጎማው ደም እየተፈናጠቀ ነው፤ ባሏ ለብሶት የወጣው ሸሚዝ እጅጌ የጎማው ሽቦ ላይ ተጠምጥሞ አብሮ ይዞራል።

መሪው ላይ ያሰረችው ስልክ ጮኸ። ባሏ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ አስፋልቱ ላይ እግሬን ሰብረሽ ሄደሽ አልነበር?» አለ እያቃሰተ። «አሁን ደግሞ ምነው ዞረሽ መጣሽ?»

እግሯን ከፔዳሉ ለማላቀቅ ታገለች፤ አልሆነላትም። ከስልኩ ጩኸት ተሰማ፤ ወዲያው ብስክሌቱ እንደገና አነጠራት።