አራተኛ የሚያንኳኳ

"አሁንም አልተወሽም?" አሉኝ ጋሼ ውዱ። የኮምቦልቻው ጨርቅ ፋብሪካችን ዘበኛ ናቸው፤ ስልካቸውን ቻርጅ ሊያደርጉ ገብተው ከኋላዬ ቆመዋል።

"ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ብቻ አሥራ አንድ ሺህ ጊዜ!"

የት አገር እንዳለ የማላውቀው ሰው የፋብሪካውን ዋና ኮምፒውተር፣ የሰርቨራችንን፣ የይለፍ ቃል ይገምታል። ሰው እንኳ አይደለም፣ ፕሮግራም ነው፤ አይደክመው፣ አይርበው። ሰርቨሩ ለእሱ "አይደለም፣ አይደለም" እያለ ሲመልስ ተጠምዶ የደሴው ቢሮ የሚልከው ትእዛዝ አላልፍ ብሎ፣ የሽመና ክፍሉ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደሳለው ከደሴ ደውለው ቁርጡን ነግረውኛል፦ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተስተካከለ ሰርቨሩ ይነቀልና ወደ ወረቀት እንመለሳለን። ከሚሌኒየሙ ጀምሮ ለምኜ ዘንድሮ ገና ያስገዛሁት ሰርቨር! እንባዬ መጣ።

"እኔ የምልሽ ነጂባ፣ መልስ ያጣ ሰው ለምን አይመለስም?"

"ማን ከልክሎት ጋሼ?"

"ሱብሃነላህ! እኛ ሰው ቤት ስንሄድ ሦስት ጊዜ አሰላሙ አለይኩም እንላለን። ካልተፈቀደልን ወደመጣንበት ነው። አራተኛ የሚያንኳኳማ ሌባ ነው።"

አፌን ከፍቼ አየኋቸው። ሳምንቱን ሙሉ የይለፍ ቃል ሳረዝም ከርሜ፣ መፍትሔው በር ላይ ተቀምጦ ኖሯል። ፈጥኜ ጻፍኩ፦ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ሁሉ የመጣበት አድራሻ ለአንድ ሰዓት ይዘጋ።

አንዱ አድራሻ ተዘጋ። ሌላው ተከተለ። ስክሪኑ ላይ ሲንጋጋ የዋለው መስመር እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ከታች የሽመና ማሽኖቹ ሲነሱ ሰማሁ፤ የጋሼ ውዱን እጅ ይዤ እንደ ሕፃን ዘለልኩ።

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል ስልኩ ጮኸ።

"ነጂባ! ይኸው እዚህ ደሴ ፒያሳ ኢንተርኔት ቤት ቁጭ ብዬ ልሞክረው ብል፣ ጭራሽ እኔንም አላስገባም አለኝ!" አቶ ደሳለው ናቸው። ደስታዬ ውሃ ሆነ።

"ስንት ጊዜ ሞከሩ?"

"የይለፍ ቃሉ ጠፍቶብኝ የልጆቼን ስም በተራ አስገባሁ። አምስቱንም።"

"ሦስተኛው ላይ ዘግቶብዎታል። ለአንድ ሰዓት።"

"እኔን? ሥራ አስኪያጁን?"

"እርስዎንም" አልኩ። "አሁኑኑ ልክፈትልዎት?"

በስልኩ ውስጥ የሚኒባስ ረዳት ሲጣራ ይሰማኛል። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፣ ከሆድ የሚወጣ ሳቅ።

"ተይው፣ እንዳትከፍቺልኝ" አሉ። "ሻይ ጠጥቼ እመለሳለሁ።"