በግድግዳው የሚያልፈው

«ወይዘሮ ብርቄ፣ ይህ ቀዳዳ ሞዴሌ ላይ የለም» አለ ሕንፃው፣ ልጄን እያጠባሁ ሳለ። «ዛሬ ማታ እደፍነዋለሁ።»

የምንኖርበት ሕንፃ ገና በወረቀት ላይ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እስከሚፈርስበት ቀን ድረስ የእያንዳንዱን ሚስማር ቦታ በሞዴሉ፣ ማለትም በኮምፒዩተር ንድፉ፣ ይዞ ይኖራል። ሞዴሉ የማያውቀውን ነገር ግድግዳው ራሱ ይደፍነዋል።

«ተው እንጂ! አራስ ሳለሁ ጎረቤቴ ትርንጎ አጥሚት ልታቀብለኝ ብሎኬት አስፈልቅቃ የከፈተችው ነው!»

«እንግዲያው ልመዝግበው። አሁን ምን ያልፍበታል?»

«ጨው፣ ሽንኩርት። ደግሞ ወሬ።»

«ወሬ ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። እንደ ሕፃን ስለጠየቀኝ ሳቄ መጣ፤ ንዴቴም በረደ።

«የሰው ነገር ነዋ! ማን አገባ፣ ማን ተጣላ፣ አማቴ ምን አለችኝ...»

በማግስቱ ቀዳዳው ጠርዙ ተለስኖ፣ አምሮበት አደረ። በየፎቁም ልክ እንደሱ ያለ ተከፍቷል። እኔ መቼም ደስታዬን መያዝ አልችልም፤ ወዲያው ትርንጎን ጠራኋት።

«ስሚማ፣ አማቴ ትናንት መጥታ ምን አለችኝ መሰለሽ!»

«እባክዎ ትንሽ ጮክ ይበሉ» አለ ሕንፃው በትሕትና። «የሚያልፈውን ሁሉ እየመዘገብኩ ነው።»

ትርንጎ ከወዲያ ማዶ ሆና፣ እንግዳ ሰው እንደምታናግር ሁሉ፣ «በይ ደህና ዋይ፣ ወይዘሮ ብርቄ» አለችኝ።

ከዚያ ሕንፃው የማረልንን ቀዳዳ በገዛ ትራሷ ጠቅጥቃ ደፈነችው።