ሳሙና የማይነካው ድንጋይ

ጥሩሰው ባዶው የዓሣ ገንዳ ውስጥ ተንበርክኮ ጆሮውን ከሲሚንቶው ወለል ላይ ለጥፎ ያዳምጥ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በምድር ባቡር ወርክሾፕ ቧንቧና የውሃ ጋን ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነውና፣ የተደበቀ ውሃ በድምፁ እንደሚገኝ ያምናል። ወለሉ ግን ጭጭ ብሏል።

«ዛሬም ከመሬት ጋር ትማከራለህ?» አለችው ሚስቱ ሽታዬ፣ ከሳፋው አጠገብ ተቀምጣ። «የቀበሌው ኢስሃቅ የገንዳውን መድፈኛ አፈር በጋሪ አስጭኖ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሏል።»

ሳፋው ውስጥ አንድ ክንድ የሚያህል፣ ጀርባው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቀይ ዓሣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቤቱን ያሠራው ግሪካዊ ነጋዴ፣ ሙሴ ያኒ፣ ቤቱ ተወርሶበት አገር ለቆ ከሄደ ስምንት ዓመት አልፏል። ከዚያ ወዲህ ግቢው የሸማቾች ማኅበር መጋዘን ሆኖ ቆየ፤ ገንዳውም በጆንያ ቅዳጅና በዛገ ቆርቆሮ ተሞልቶ ተረሳ። ጥሩሰው ቤቱን ከቀበሌው ከተከራየ ገና ሦስት ወሩ ነው። ከትናንት በስቲያ የመጨረሻውን ጭቃ በባልዲ ሲያወጣ ይህ ፍጡር ከእግሩ ሥር ተገላበጠ። ስምንት ዓመት ሙሉ ማን ውሃ ቀዳለት?

የቀበሌው የጤና ኮሚቴ ኃላፊ የኢስሃቅ ውሳኔ አጭር ነበር፤ ውሃ የማይገባበትና የማይወጣበት ገንዳ የወባ ትንኝ ቤት ስለሆነ ይደፈናል። ሰፈሩ የቧንቧ ውሃ የሚያገኘው በተራ ስለሆነ ከቧንቧ መሙላትም ክልክል ነው። መውጫውን ጥሩሰው አግኝቶታል፤ ሞልቶ የተረፈው በጠባብ ቦይ በግቢው ወዳለው የዘይቱን ዛፍ ሥር ይወርዳል። የጨነቀው መግቢያው ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ ጭቃውን ለማውጣት ማምሻውን የሚያጎድለው ውሃ ጠዋት ስንዝር ያህል ተመልሶ ይጠብቀው ነበርና፣ ከወለሉ ሥር ምንጭ አለ ብሎ ደመደመ። ትናንት ደግሞ በጎረቤት ግንብ በኩል፣ ከገንዳው ከንፈር ዝቅ ብላ፣ አውራ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አየ። ቀዳዳ አይቶ ማለፍ አልለመደም፤ ውሃ የሚያመልጥባት መስላው በሲሚንቶ ደፈናት። ውሃው ከፍ እንዲል ሲጠብቅ፣ ዛሬ ገንዳው ደርቆ አደረ።

የጋሪው ጎማ በር ላይ ተንቋቋ። ኢስሃቅ ገንዳው ይደፈን የሚለውን ወረቀት በብብቱ ይዞ ገባ።

«እህ፣ ጋሽ ጥሩሰው፣ ምንጩ ተገኘ?»

«እስከ ትናንት ነበር።»

«አቦ፣ እስከ ትናንት የነበረ ውሃ በሪፖርት አይጻፍም።»

«ትንኙን ሲበላ የኖረው እሱ እኮ ነው» አለች ሽታዬ ወደ ሳፋው እየጠቆመች። «ይልቅ የኮሚቴው አባል አድርጉት።»

ኢስሃቅ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ጋሪው ሊመለስ ሲል፣ ከግንቡ ወዲያ የሴት ድምፅ ተሰማ። የጎረቤታቸው የሼህ አብዲራህማን ልጅ፣ ሃሊሞ ነበረች።

«ጋሽ ጥሩሰው! ምን ብታደርጉ ነው? ከትናንት ጀምሮ ለሶላት የምንታጠብበት የውዱእ ውሃ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው! ወላሂ፣ አባቴ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ነው የሚታጠበው!»

ጥሩሰው ከወለሉ ቀና አለ። «የምን ውሃ ነው የምትዪኝ?»

«የመታጠቢያ ድንጋያችን ውሃ ነዋ! ዘጠኝ ሰው፣ በቀን አምስት ጊዜ! ልብስ አይታጠብበት፣ ዕቃ አይታጠብበት። ሳሙና እንዳይነካው እያለ አባቴ ስምንት ዓመት አሳራችንን አበላን። ለምን ስንለው መልስ የለው።»

ጥሩሰው በገዛ እጁ የደፈናትን ቀዳዳ እያየ መሮና መዶሻውን አነሣ። አዲሱ ሲሚንቶ ብዙ አላስቸገረም። ፍርስራሹን በጣቱ ጠርጎ ዓይኑን ሲያስጠጋ፣ ቀዳዳዋ አይጥ የቆፈራት እንዳልሆነች አየ፤ ወደ ገንዳው በጥቂቱ ዘንበል ተደርጋ፣ በሠለጠነ እጅ የተቀበረች የሸክላ ቱቦ ናት። በወዲያኛው ጫፍ ብርሃን ይታያል።

ብርሃኑ ተጋረደ። የከሰዓት በኋላው የዓስር ሶላት አዛን ከሩቅ ይሰማ ነበር።

«ማነው የከፈተው?» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ፣ በቱቦው ውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። የደፈንኩትም እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሙሴ ያኒ ሲሄድ አደራ ብሎኝ ነበር።»

ጥሩሰው ደነገጠ። ንብረቱ የተወረሰበትን ሰው አደራ ጠብቄአለሁ ማለት፣ በዚያ ዘመን ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ሼህ አብዲራህማን የቀበሌው ሰው ከግንቡ ወዲህ መቆሙን አላወቁም። እጁን አንሥቶ ቱቦውን ሊሸፍን ቃጣው። ኢስሃቅ ግን ወደ ገንዳው ወርዶ አጠገቡ ተንበርክኮ ነበር።

«ሌላው ሰው እንዳይሰማ ለልጆቼም አልተናገርኩ» አለ ድምፁ። «ግንቡን ተሻግሬ አይቼም አላውቅ። እንዲያው አፈስሳለሁ። ዓሣው… አለ?»

ኢስሃቅ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ባለ ጋሪውን ተመለስ ብሎ በእጁ አመለከተውና ወደ ቱቦዋ ጎንበስ አለ።

«አለ፣ አባባ» አለ። «ይታጠቡ።»

ባልና ሚስቱ ሳፋውን ከነውሃው ገንዳው ውስጥ ቀስ ብለው ደፉት። ዓሣው በጎኑ ተኝቶ ቆየ፤ በኋላም ተቃና። ከቱቦዋ አፍ እንደ ክር የቀጠነ ጥርት ያለ ውሃ ወረደ፤ ቆም አለ፤ እንደገና ወረደ። ዓሣው ዞሮ ፊቱን ወደዚያ ሰጠ።