ስኳር የሌለው ካካዎ

«ቆይ እስቲ፤ ይሄ ጠረን ከየት ነው የሚመጣው?» ይላሉ ዶና ዙልሚራ፣ በሽቶ ሻጮቹ ረድፍ መካከል ቀጥ ብለው ቆመው።

ጃንዲራ ቀድሞ ሸትቷታል። ከቤሌም ከተማ ገበያ መግቢያ ጀምሮ የወደፊት አማቷን በዓሣው ተራ በኩል ያዞረቻቸው ለዚሁ ነበር።

«ወዲያኛው ጫፍ ጥሩ ጃስሚን አለ ይባላል» ትላለች ክንዳቸውን ሳብ አድርጋ።

«ጃስሚን ይቅርብኝ። ኬክ ኬክ ነው የሚለው።» ዶና ዙልሚራ አፍንጫቸውን ተከትለው ይሄዳሉ።

ብልቃጦቹ እንደ ሙዝ ዘለላ ከጣራው ተንጠልጥለዋል። ከሥራቸው ፓቹሊ የሚባለው መዓዛማ ተክል ሥር በእስር በእስር ተደርድሯል። ከዚያ ሁሉ ጀርባ ማራገቢያዋን ይዛ የተቀመጠችው ኖኤሚያ ናት፤ የጃንዲራ አክስት፣ የእናቷ ታላቅ እህት።

አክስቷ ቀና ትላለች። ፊቷ ይበራል፤ ሁለቱም እጆቿ ይዘረጋሉ።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ» ትላታለች ጃንዲራ ፈጠን ብላ። «ሽቶ ልናይ ነው።»

እጆቹ አየር ላይ ትንሽ ይቆያሉ። ከዚያ ምንም ያልጎደለውን አንድ ብልቃጥ ያስተካክላሉ።

«ኑ፣ ጠጋ በሉ የኔ ቆንጆዎች» ትላለች ኖኤሚያ፣ ላለፈ ላገደመ ሁሉ በምትጣራበት ድምፅ። «ባል የሚያመጣ አለ፣ ባል የሚያቆይ አለ፣ ባል የሚያባርርም አለ። ቶሎ የሚያልቅብኝ የመጨረሻው ነው።»

ዶና ዙልሚራ ከልባቸው ይስቃሉ። «የሚያባርረውን ለእኔ ያስቀምጡልኝ! ለእሷስ ባሉ ተገኝቷል፤ ልጄ ነው። በእኛ ቤት የሙሽራን ሽቶ የምትመርጠው እናት ናት።» ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ግን ያን ያህል አይደለም። «ይቺ ምስኪን ደግሞ እናቷ ሞታባታለች። ስለዚህ እኔ ልሁናት ብዬ ነው።»

ማራገቢያው ይቆማል።

ጃንዲራ ጫማዋን ታያለች። መጀመሪያ ምሳ የጋበዟት ቀን ስለ እናቷ ሲጠይቋት፣ ካካዎ ያጠቆራቸው የእናቷ ጣቶች በነጩ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ታይተዋት ነበር። «ሞታለች» አለች። አንዴ ከተባለ በኋላ ሰው እንዴት ከሞት ይነሳል? እናቷ ግን ዛሬም እንደ ሁልጊዜው ከወንዙ ማዶ፣ ከደሴቷ፣ በጠዋቱ ጀልባ ካካዎ ልካለች። ጆንያው ከጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል፤ አፉ እናቷ እንዳሰረችው ነው።

«ነፍስ ይማር» ትላለች ኖኤሚያ በመጨረሻ። ዓይኗን ከጃንዲራ ላይ አታነሳም። «እናትሽ በምን ሞተች፣ የኔ ቆንጆ?»

«በ... በወባ።»

«አይ ወባ!» ትላለች አክስቷ። «ስንቱን ደህና ሰው ጨረሰ።»

«እስቲ አሁን ሐዘኑን እንተወው» ይላሉ ዶና ዙልሚራ። «ያ ከሩቅ የጠራኝ የቱ ነው?»

«እሱ እንኳ የሙሽራ አይደለም፣ እመቤቴ። ካካዎና ፓቹሊ ነው። ጥቁር ነው፤ ደረቅ ነው፤ ስኳር የሚባል አልነካውም።»

«ልየው።»

ኖኤሚያ ውታፉን ትነቅላለች። ለዘመድ ሲሆን በአውራ ጣቷ ነካ አድርጋ ከጆሮ ጀርባ ነው የምትቀባው። አሁን ግን ውታፉን ከሩቅ ትዘረጋለች፤ ጃንዲራም የእጅ አንጓዋን ትሰጣለች።

መጀመሪያ አፈር ይመጣል፣ ሲቆይ ተዘግቶ የኖረ የእንጨት ሣጥን። ከዚያ እሱ፦ ጣራ ላይ ፀሐይ የመታው ካካዎ፣ መራራው፣ እናቷ ፀጉሯን በሠራቻት ቁጥር ከጥፍሮቿ ሥር የሚሸታት።

ዶና ዙልሚራ እጇን ይዘው ደጋግመው ያሸታሉ። «እንዴ! እኔ ላይ ቢሆን ቁም ሣጥን ቁም ሣጥን ነበር የሚለው። አንቺ ላይ ግን አብሮሽ የተወለደ ነው የሚመስለው። አይመስልም?» ብለው ወደ ሻጯ ይዞራሉ።

«እኔ ልጅቷን አላውቃትም» ትላለች ኖኤሚያ።

«እማማ ዙልሚራ፣ ጃስሚኑን ብወስድ...»

«ዝም በይ አንቺ! የምትመርጠው እናት ናት አልኩሽ እኮ።»

ኖኤሚያ ብልቃጡን በወረቀት ትጠቀልላለች፤ በቃጫ ታስራለች። ዞር፣ ሾለክ፣ ጠበቅ።

ዶና ዙልሚራ ግን ቤት እስኪደርሱ አላስቻላቸውም። «እኔም ትንሽ ልቀባ» ብለው ቋጠሮውን ይዘው ይታገላሉ። በጥፍር ይሞክራሉ፤ በጥርስ ይሞክራሉ። በሳቡት ቁጥር ይጠብቃል።

«ኧረ ምን ዓይነት አስተሳሰር ነው ይሄ!»

«የማዶ ቋጠሮ ነው፣ እመቤቴ። እኛ የካካዎ ጆንያ የምናስርበት ነው። የከተማ ሰው አይፈታውም፤ ቆይ ቢላ ልስጥዎት።»

«ይስጡኝ፣ እኔ ላድርገው» ትላለች ጃንዲራ። የፈለገችው ከዚህ ቶሎ መሄድ ብቻ ነው። ጥቅሉን ትቀበላለች፤ ጣቶቿ ከሥር የተደበቀችውን ጫፍ ሳይፈልጉ ያገኟታል። አንዴ ወደ ላይ ገፋ፣ አንዴ ወደ ጎን ሳብ። ቃጫው ላላ ብሎ መዳፏ ላይ ይወድቃል።

ቢላዋው ኖኤሚያ እጅ ላይ እንደተዘረጋ ይቀራል።

ዶና ዙልሚራ የጃንዲራን ፊት አያዩም። መጀመሪያ ጣቶቿን ያያሉ፤ ከዚያ፣ ቀስ ብለው፣ በዚያው ቋጠሮ የታሰረውን የጆንያውን አፍ።

ጃንዲራ ቃጫውን በጭብጧ ትሸሽጋለች። የእጅ አንጓዋ ግን እየሞቀ ነው፤ በሞቀ ቁጥር ካካዎው ይበልጥ ይሸታል።