ከድምፁ የሚቀድመው

ስልኩ ሲጠራ ሀሊሜ ማሽላ ልትሰፍር ጣሳውን እንዳነሳች ቀረች። የደወለው ቀይ ባሕር ላይ በጭነት መርከብ የሚሠራው ልጇ ከማሉዲን ነበር። ከገበያ መደቧ አጠገብ ካለው ልብስ ሰፊ ሱቅ ቴሌቪዥኑ አሁንም ይለፈልፋል። ኃያላኑ ባሕሩ ላይ ተፋጠዋል፤ አዲሱ ሚሳይል ደግሞ ከድምፅ ስለሚፈጥን ድምፁ የሚሰማው ከመታ በኋላ ነው ይላል።

ቆቦ ላይ ከባድ መሣሪያ ሲያጓራ በከረመበት ጊዜ ልጇን ያተረፈችው በጆሮው ነበር። "የመድፉን ፉጨት ስትሰማ ባለህበት በደረትህ ተኛ" ብላው፣ ሰምቶ ተኝቶ ተርፏል።

"እማ፣ አትስጊ" አላት። "የጦር መርከቦቹ ከዚህ ይታያሉ። እኔ ግን እንዳስተማርሽኝ ጆሮዬን አቁሜ ነው የምውለው። ፉጨት ከሰማሁ እተኛለሁ።"

ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። እንደ ወትሮው፣ "አሁንስ ጸጥ ነው ልጄ?" አለችው።

"ጸጥ ነው። ኮሽታም የለ።"

ሁልጊዜ ይህን ሲላት አፏ ላይ የሚቀድማት አንድ ቃል ነበር። ዛሬ እሱም አልወጣ አላት። ባዶውን ጣሳ ማሽላው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

"እማ?" አለ ልጇ፣ ድምፁ እየሳሳ። "አልሐምዱሊላህ አላልሽም እኮ።"