"እማዬ፣ ዛሬ መኪና አይወጣም"

"ፋዘር! ዞር ይበሉልኝ እንጂ... መንገዱን ገዝተውታል እንዴ?!"

ያፌት ይህን ያለው ክላክሱን ሦስት ጊዜ ካንባረቀ በኋላ ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ... በአማርኛ።

ከፊቱ የቆመችው መኪና ሹፌር ሐበሻ መሆናቸውን ከመስታወታቸው ላይ ከተንጠለጠለው መቁጠሪያ አውቋል።

ቦታው ሲያትል፣ ሌክ ሲቲ። ቅዳሜ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ትናንት ቀን የቀለጠው ስኖው ሌሊቱን ረግቶ ግግር በረዶ ሆኖ አድሯል።

ቁልቁለቱ አፍ ላይ አንዲት አሮጌ ታክሲ መንገዱን አግድም ዘግታ ቆማለች። ድርብ ፍሬቻዋ ብልጭ ድርግም ይላል። የፊት ጎማዎቿ ላይ ሰንሰለት ታስሯል።

ሹፌሩ ጋሽ መንግሥቴ ይባላሉ። ስድሳን ያለፉ፣ ሲታክ ኤርፖርት ታክሲ የሚነዱ ሰው ናቸው። በቀስታ እየረገጡ ወደ ያፌት መስኮት መጡ።

"ልጄ፣ ቁልቁለቱ መስታወት ሆኗል። ታች ፌርማታው ጋ ደግሞ ሰው ቆሟል። አውቶቡሱ በስኖው ቀን በዚህ እንደማይመጣ አላወቀም መሰለኝ። በእግሬ ወርጄ ላመጣው ነው። አምስት ደቂቃ ታገሠኝ።"

"የእርስዎ መኪና በሁለት ጎማ ስለምትሄድ ነው ፋዘር። የኔ ፎር ዊል ናት። አራቱም ጎማ ይጎትታል።"

"አራት ጎማ ያስነሳሃል እንጂ አያቆምህም። ፍሬን ላይ ሁላችንም አንድ ነን።"

"ኦኬ... አገር ቤት አስተማሪ ነበሩ እንዴ?"

ሳቀና ሁለት ጎማውን እግረኛ መንገድ ላይ አውጥቶ አለፋቸው።

የቸኮለው ለሥራ አልነበረም። ጓደኞቹ ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናቸውን በረዶ ላይ እያሾሩ ሊጫወቱ ቀጥረውታል። አዲሷን ኤስዩቪ ገና አላዩለትም።

ከአንድ ሰዓት በፊት እናቱ ደውላለት ነበር።

ወይዘሮ እጅጋየሁ በሳምንት ሦስት ቀን የኩላሊት እጥበት አለባት። ያፌት በሥራ ቀን ቤልቪው ከተማ ስለሚውል እሷን የማድረስ ተራው ቅዳሜ ነው። እጥበት ደግሞ "ዛሬ ይቅር፣ ነገ ይደርሳል" የሚባል ነገር አይደለም።

"እማዬ፣ ዛሬ መኪና አይወጣም" ነበር ያላት። "ያንሸራትታል። አውቶቡሱ አለልሽ አይደል?"

"እሺ ልጄ... አንተ ብቻ እንዳትወጣ" አለችው።

ቁልቁለቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ፍሬን ያዘ።

ፍሬኑ እግሩ ሥር ተንቀጠቀጠ... መኪናዋ ግን መውረዷን ቀጠለች።

መሪውን ወደ ግራ አዞረው። እሷ ወደ ቀኝ... ወደ ፌርማታው።

ፌርማታው ላይ ወፍራም ካፖርት የደረበ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ፣ አውቶቡሱ ይመጣበታል ብሎ ወደሚያስበው አቅጣጫ ያያል።

ያፌት ክላክሱን መንካት እንኳን አቃተው።

ጎማው የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ ገጨ። መኪናዋ ግማሽ ዞራ ቆመች... ከሰውየው አንድ እርምጃ ተኩል ርቀት ላይ።

ሰውየው ዞረ።

ሰውየው ሴት ነበረች... እናቱ ነበረች።

ቤቷ ፊት ባለው ፌርማታ አውቶቡስ ሳይመጣላት ሲቀር፣ በዚያ በረዶ ስምንት ብሎክ መንገድ በእግሯ መጥታለች።

"ያፌትዬ?! ተጎዳህ እንዴ?"

መጀመሪያ የጠየቀችው ይህን ነው።

ጋሽ መንግሥቴ አጥር አጥሩን ይዘው፣ እያለከለኩ ደረሱ።

"ተረፉ እህቴ? ይሄ ባለጌ..."

"ልጄ ነው ጋሼ" አለች ቶሎ ብላ። "ጨንቆት ሊወስደኝ መጥቶ ነው።"

እሳቸው ወደ ያፌት አዩ። ያፌት አላስተባበለም። ዝም ማለቱ ሁለተኛ ውሸት መሆኑን ያውቃል።

በዚህ መሃል ስልኩ ጠራ። መኪናዋ ስልኩን ራሷ አንስታ በስፒከር ለቀቀችው። ጓደኛው ዘካሪያስ ነው።

"የት ቀረህ ብሮ? የኔ ፒክአፕ በኋላ ጎማዋ ብቻ ስለሆነች ጭራዋን እንደ ውሻ እየቆላች ነው! ማዘርን ሸወድካት አይደል? ሃሃሃ..."

ያፌት ማጥፊያውን ሲፈልግ ጣቱ ሦስት ጊዜ ሳተው።

እናቱ ሻርፗን አስተካከለች።

"ጋሼ... እጥበቴ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ያደርሱኛል?"

"አደርስዎታለሁ።"

ዳገቱን እንድትወጣ ያፌት ከመኪናው ወርዶ እጁን ዘረጋላት። ቦርሳዋን ሰጠችው... በእጇ የጋሽ መንግሥቴን ክንድ ያዘች።

እሱ ቦርሳውን ታቅፎ ከኋላ ተከተለ።

ሦስቱም ታክሲዋ ውስጥ ገቡ። ጋሽ መንግሥቴ መኪናዋን በእርምጃ ያህል ነዷት። ማርሽ ቀንሰው፣ ከፊታቸው ካለው መኪና አሥር መኪና የሚያስገባ ርቀት ትተው፣ ፍሬኑን ነካ... ለቀቅ... ነካ እያደረጉ።

ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ደረሱ። አምስት ደቂቃ ቀደም ብለው።

በማግስቱ እሑድ፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ወይዘሮ ሠርካለም የሚባሉ የእናቱ ወዳጅ ያፌትን አቅፈው ጉንጩን ሳሙት።

"ሰማሁ! በዚያ በረዶ እናትህን ልታደርስ ነፍስህን ልትሰጥ ነበር አሉ! እንዳንተ ያለውን ልጅ ለሁሉም ይስጥ! ይባርክህ!"

በዙሪያቸው የቆሙት እናቶች ሁሉ መረቁት።

ያወራችው እናቱ ናት። ስልኩን በጆሮዋ ከሰማች በኋላ።

ያፌት ወደ እሷ አየ። እሷ የነጠላዋን ጫፍ ታያለች።

ቢሰድቡት ይቀለው ነበር።

"አሜን" አለ... አንገቱን ደፍቶ።

ወገኖቼ... ፎር ዊል መኪና ለመነሳት ይረዳል፤ በረዶ ላይ ለማቆም ግን አይረዳም። ይህን ማወቅ ቀላል ነው። የሚከብደው "ታች ሰው ቆሟል" ስንባል፣ ያ ሰው የማን እናት እንደሆነች ሳናውቅ መቆም ነው።

እናንተ በያፌት ቦታ ብትሆኑ... እዚያው ምርቃቱ መሃል እውነቱን ትናገሩ ነበር? ወይስ እናታችሁ የሸፈነችላችሁን ላለመግለጥ "አሜን" ብላችሁ ትቀበሉ ነበር?

በኮሜንት ንገሩኝ።