የገመዱ ልክ

የደሴቱ መሬት ድንጋይ ስለሆነ አንድ መቃብር መቆፈር ሦስት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ የደሴቱ እስር ቤት ጣሊያናዊ አዛዥ ደንብ አወጣ፦ እስረኛ ሲታመም ቁመቱ በገመድ ይለካል፤ ጉድጓዱም በዚያው ቀን ይጀመራል።

ቆፋሪውም እስረኛ ነበር። ለድካሙ በቀን አንድ ጣሳ ውሃ ይጨመርለታል። ወጣቱ እስረኛ ጓንጉል በንዳድ ሲወድቅ ግን ቆፋሪው ጣሳዋን ሳይቀምስ እየወሰደ ያጠጣው ጀመር።

“ጋሼ፣ እርስዎስ?”

“ዝም ብለህ ጠጣ።”

በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ አለቀ። በማግስቱ ማለዳ ጓንጉል በእግሩ መጥቶ ከእስረኞቹ ሰልፍ ገባ። በጥም የጠወለገው ቆፋሪ ዶማውን ተደግፎ ፈገግ አለለት።

አዛዡ ግን ፊቱ ጠቆረ። “የሦስት ቀን ሥራ ሜዳ ላይ አይቀርም” አለ በአስተርጓሚው በኩል። ገመዱን ለጓንጉል ወረወረለት። “ወይ አንተ ግባበት፣ ወይ ልኩ የሚሆን ሰው ፈልግ።”

ጓንጉል ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር ቃኘ። ብርቱዎቹ አፍጥጠው አዩት። ዞሮ ወደ ቆፋሪው ሄደ። ንዳዱ በለቀቀው እጁ ገመዱን ዘረጋ።

“ጋሼ” አለው፣ “ቀጥ ብለው ይቁሙልኝ።”